የዱር አራካቢ ንቦች ጥናት ከአበባ ወደ ጎጆ ይውረድ

በዓለም ላይ እስካሁን ሳይንሳዊ ስም የተሰጣቸው የንብ ዝርያዎች ቁጥር ከ20,000 ይበልጣል። ከእነዚህ መካከል በሰው ቀፎ የሚኖሩት በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ የቀሩት በመሬት ጉድጓድ፣ በዛፍ ፍልፍል፣ በደረቀ አገዳና በግድግዳ ስንጥቅ ያለ ጠባቂ የሚኖሩ የዱር ንቦች ናቸው። የቡና፣ የዱባ፣ የባቄላ፣ የኑግና የበርካታ ሌሎች ሰብሎች ርክበ ብናኝ በከፊል በእነርሱ ላይ የተመሠረተ ስለመሆኑ ዛሬ በተመራማሪዎች መካከል ብዙም ክርክር የለም። ክርክር ሊነሣበት የሚገባው ከዚያ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ነው፤ እነዚህ ንቦች በአንድ እርሻ ዙሪያ በደኅና ሁኔታ ላይ ናቸው ለማለት ምን ዓይነት ማስረጃ ይበቃል?

በብዙ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች የሚቀርበው ማስረጃ የጉብኝት ቆጠራ ነው። ተመራማሪው በአበባ ወቅት በተለካ መስመር ይራመዳል፣ ወይም በአንድ ቅርንጫፍ ፊት ለተወሰኑ ደቂቃዎች ይቀመጣል፤ ወደ አበባው የመጡትን ነፍሳት ይቆጥራል፤ ቁጥሩንም ከጫካው ርቀት፣ ከጥላ ዛፉ ብዛት ወይም ከፍሬው መጠን ጋር ያነጻጽራል። ዘዴው ርካሽና ግልጽ ነው፤ ጠቃሚ ውጤትም አስገኝቷል። ክላይንና ባልደረቦቿ በኢንዶኔዢያ ሱላዌሲ ደሴት በቡና ማሳዎች ላይ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት፣ ሦስት የንብ ዝርያዎች ብቻ በሚጎበኙት ማሳ ከአበቦቹ 60 በመቶ ያህሉ፣ 20 እና ከዚያ በላይ ዝርያዎች በሚጎበኙት ማሳ ደግሞ 90 በመቶ ያህሉ ፍሬ መያዛቸውን ያሳየው እንዲህ ባለ ምልከታ ነው። ቡና በራሱ ብናኝ ፍሬ መስጠት የሚችል ተክል መሆኑ ሲታሰብ ልዩነቱ የሚናቅ አይደለም።

ይሁን እንጂ የጉብኝት ቆጠራ በትክክል የሚመልሰው በዚያ ሰዓት በአበባው ላይ ስንት ነፍሳት ሥራ ላይ እንደ ነበሩ ብቻ ነው። እነዚያ ነፍሳት ከስንት እናት እንደ ተወለዱ፣ ከምን ያህል ርቀት እንደ መጡ፣ በሚመጡት ዓመታት የሚተካቸው ትውልድ ይኑር አይኑር ከቆጠራ ሉሁ ላይ አይነበብም። በማኅበር ለሚኖሩ ንቦች ጉድለቱ ይበልጥ ይሰፋል፤ አበባ ላይ የምትታየው ሠራተኛ ንብ እንደ ወትሮው አትራባም፤ የምትራባው ንግሥት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አበባ ላይ አትታይም። ተመራማሪው የሚቆጥረው ለዘር የማይተርፈውን ክፍል ነው ማለት ይቻላል።

ነገሩ በቁጥር ሲቀመጥ ጉዳዩ ይጠራል። ንቦች ሁሉ የሚጋሩት አንድ የመራባት ሥርዓት አለ፤ ሴቷ ከዳበረ እንቁላል ትፈለፈልና ጥንድ የክሮሞሶም ስብስብ ትይዛለች፤ ወንዱ፣ ማለትም ድንጉላው፣ ካልዳበረ እንቁላል ይፈለፈልና ነጠላ ስብስብ ብቻ ይይዛል። እንግዲህ አንዲት ንግሥት ከአንድ ድንጉላ ጋር ብቻ ተገናኝታ ጎጆ ብትመሠርት፣ በእያንዳንዱ የዘረመል ቦታ ከእርሷ ሁለት፣ ከድንጉላው አንድ፣ በድምሩ ቢበዛ ሦስት ቅጂዎች ለልጆቿ ይተላለፋሉ። ከዚያ ጎጆ 100 ሠራተኞች ተይዘው 100 ብልቃጥ ቢሞላ፣ በቤተ ሙከራ የሚገኙት እነዚያው ሦስት ቅጂዎች ናቸው። ከ100 ልዩ ልዩ ጎጆዎች አንድ አንድ ሠራተኛ ብትወሰድ ግን 200 ቅጂዎች ይገኛሉ። በሁለቱም ሁኔታ ተመራማሪው በጽሑፉ ላይ የሚያሰፍረው የናሙና ቁጥር 100 ነው፤ የማውጫው ወጪም እኩል ነው። ማር ንብ ከዚህ ትለያለች፤ ንግሥቲቱ በአየር ላይ ከ10 በላይ ከሆኑ ድንጉላዎች ጋር ስለምትገናኝ አንድ ቀፎ ሰፋ ያለ ውርስ ይይዛል። ሆኖም መቶ ሠራተኛ መቶ ግለሰብ አለመሆኑ ለእርሷም ይሠራል።

የሕዝብ ዘረመል ጥናት ይህን ክፍተት ለመሙላት አበባ ላይ የተያዙትን ሠራተኞች በእኅትማማችነት ይመድባል። የሁለት ሠራተኞች የዘረመል ቅጂዎች ከአንዲት እናትና ከአንድ አባት ሊመጡ የሚችሉ ከሆነ ወደ አንድ ጎጆ ይጠቃለላሉ፤ በዚህ መንገድ ጎጆው ራሱ ሳይገኝ የጎጆዎች ቁጥር ይገመታል። ናይትና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ የእርሻ መሬት ላይ በአራት የባምብል ንብ ዝርያዎች ያካሄዱት ጥናት የዚህ ዘዴ ጥሩ ምሳሌ ነው። እኅትማማቾቹ በምን ያህል ርቀት ተበታትነው እንደ ተያዙ በማስላት፣ ዝርያዎቹ ለምግብ የሚጓዙበት ርቀት ከ449 እስከ 758 ሜትር እንደሚለያይ አሳይተዋል። አንድ ዝርያ ከሌላው በሦስት መቶ ሜትር አርቆ የሚበር ከሆነ፣ በአንድ ማሳ ላይ ሁለቱ እኩል ቢቆጠሩ እንኳ ቁጥሩ ስለ ጎጆዎቻቸው የሚነግረው እኩል አይደለም። ሩቅ በራሪው ከሰፊ አካባቢ ከተበተኑ ጥቂት ጎጆዎች የመጣ፣ ቅርብ በራሪው ደግሞ በማሳው ዳር ከተጠጋጉ ብዙ ጎጆዎች የመጣ ሊሆን ይችላል።

ከቆጠራው ክፍተት የባሰው ግን ንቦች ጾታቸውን የሚወስኑበት መንገድ የሚፈጥረው አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በየና ባልደረቦቹ በማር ንብ ላይ የለዩት ጾታ ወሳኝ ጂን ብዙ አሊሎች አሉት፤ በዓለም ዙሪያ ያሉት ሲደመሩ ከ100 በላይ ናቸው። የዳበረ እንቁላል ሴት የሚሆነው ከእናትና ከአባት የወረሳቸው ሁለቱ አሊሎች ሲለያዩ ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ እንቁላሉ ሴት በመሆን ፈንታ ጥንድ ክሮሞሶም ያለው ወንድ ይሆናል። ይህ ወንድ ለጎጆው ጥቅም የለውም። በማር ንብ ሠራተኞቹ ገና በእጭነቱ ይበሉታል፤ በባምብል ንብ እስኪጎለምስ ይቀለባል፣ ዘር ማፍራት ግን ከሞላ ጎደል አይችልም፤ መናደፊያ ከሌላቸው ንቦች በአንዳንዶቹ ደግሞ ሠራተኞቹ እንዲህ ያለ ወንድ የምትወልደውን ንግሥት ራሷን ይገድላሉ።

የዚህ ሥርዓት ሒሳብ ቀላል ነው፤ ቀላል በመሆኑም ያስደነግጣል። በአንድ ሕዝብ ውስጥ 20 አሊሎች በእኩል መጠን ተሰራጭተው ቢገኙና ንግሥቲቱ ከአንድ ድንጉላ ጋር ብቻ ብትገናኝ፣ ድንጉላው ከእርሷ ሁለት አሊሎች አንዱን ይዞ የመገኘቱ ዕድል ከ20 ሁለት፣ ማለትም ከአሥር አንድ ነው። ይህ ከደረሰ ከዳበሩት እንቁላሎቿ ግማሾቹ ሠራተኛ ሊሆኑ ሲገባ ከንቱ ወንድ ይሆናሉ። ጫካ ተቆራርጦ፣ ጎጆ ተመናምኖ አሊሎቹ ከ20 ወደ 4 ቢወርዱ ግን ዕድሉ ከሁለት አንድ ይሆናል፤ ከአዳዲሶቹ ንግሥቶች እኩሌታው ከመጀመሪያው የከሸፈ ጎጆ ይመሠርታሉ ማለት ነው። ጎጆዎች በዚህ ምክንያት ሲጠፉ አሊሎች አብረው ይጠፋሉ፤ አሊሎች ሲጠፉ ተጨማሪ ጎጆዎች ይከሽፋሉ። ዛየድና ፓከር እ.ኤ.አ. በ2005 ይህን አዙሪት በቀመር አስልተው፣ የጥፋት ስጋቱ ወንዶቻቸውም ጥንድ ክሮሞሶም ካላቸው እንስሳት ጋር ሲነጻጸር ከአሥር እጥፍ በላይ ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል። የጉብኝት ቆጠራ ይህን ሂደት በጊዜው አያይም። የተረፉት ጎጆዎች ሠራተኞቻቸውን መላካቸውን ይቀጥላሉ፤ የቡና አበባ በአንድ ጊዜ ሲፈነዳ ከሩቅም ከቅርብም ይስባቸዋል፤ ሉሁ ላይ የሚሰፍረው ቁጥር ለዓመታት ሳይናወጥ ሊቆይ ይችላል።

የቁጥር ብዛትና የዘረመል ስፋት ተለያይተው ሊሄዱ እንደሚችሉ በሰፊው የተጠናችው የሰሜን አሜሪካዋ የዱባ ንብ ናት። ይህች ንብ በማኅበር አትኖርም፤ እያንዳንዷ ሴት በመሬት ውስጥ የራሷን ጎጆ ትቆፍራለች፤ ልጆቿንም የምትቀልበው በዱባ ወገን ተክሎች ብናኝ ብቻ ነው። በሜክሲኮና በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ ደረቅ ቦታዎች የዱር ዱባ ስለሚበቅል ንቧም ከእርሱ ጋር ኖራለች። የጥንት ገበሬዎች ዱባን አልምደው ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ሲወስዱት፣ የዱር ዱባ ወደማይበቅልበት አገር ንቧ የእርሻውን ዱባ ተከትላ ገባች። ሎፔዝ ኡሪቤና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት የዘረመል ጥናት ይህን ጉዞ ተከታትለዋል። ንቧ ወደ አዲስ ግዛት በተሻገረች ቁጥር ጥቂት መሥራቾች ብቻ ስላለፉ፣ የዘረመል ልዩነቷ ከትውልድ አገሯ በራቀች መጠን እየጠበበ ሄዷል። እርሻ ለዚህች ንብ አገር አስፍቶላታል፤ በሰፊው አገር የተበተነው ሕዝብ ግን ከጥቂት እናቶች የወጣ ነው።

የዚህ ጥበት ትርጉም የሚታየው ችግር ሲመጣ ነው። ንቧ የምትቆፍረው እዚያው ዱባው ባለበት አፈር ስለሆነ የአፈር መድኃኒት በቀጥታ ይደርሳታል። በካናዳ ኦንታሪዮ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሙከራ፣ በአፈር ላይ ኢሚዳክሎፕሪድ በተደረገበት ዱባ የሚኖሩት ንቦች ካልተደረገበት ጋር ሲነጻጸሩ 85 በመቶ ያነሰ ጎጆ፣ 89 በመቶ ያነሰ ልጅ ማፍራታቸውን አሳይቷል። በምሥራቁ ክፍል መጠጊያ የሚሆን የዱር ዱባ የለም። በመሆኑም አንድ ተመራማሪ በአንድ ጠዋት በዱባ ማሳ ውስጥ ቆሞ ብዙ የዱባ ንብ ቢቆጥርና «አራካቢው በቂ ነው» ብሎ ቢጽፍ፣ የዚያን ቀን እውነት ጽፏል፤ ስለ ሕዝቡ ግን ገና ምንም አልጻፈም።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ምን ይላታል? ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ባምብል ንብ የለም፤ የዱባ ንብም የአሜሪካ ናት። ስለሆነም ከእነዚያ የሚወሰደው የአጠያየቅ መንገዱ እንጂ ዝርያው አይደለም። በኢትዮጵያ ይህ መንገድ በቅድሚያ ሊሠራባቸው የሚገቡ ሁለት ንቦች አሉ።

የመጀመሪያዋ ማር ንብ ናት። ማር ንብን ከዱር ንብ ጋር መመደብ ለአውሮፓ አንባቢ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ በካፋ፣ በሸካና በያዩ ጫካዎች ግን እንግዳነቱ ይቀራል። በዚያ ገበሬው ከግንድ የተፈለፈለ ወይም ከአገዳ የተሠራ ቀፎ በረጅም ዛፍ ላይ ይሰቅላል፤ መንጋው ከጫካው በራሱ ፈቃድ ይገባል፤ ማሩ ከተቆረጠ በኋላም ብዙ ጊዜ ጥሎ ይሄዳል። ዘሩን ሰው አልመረጠውም፣ ንግሥቲቱንም ሰው አላሳደጋትም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በልዩ ልዩ የጥላ ይዞታ ሥር ባለ ቡና ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ይህችው ከፊል ዱር የሆነች ማር ንብ የቡና አበባ ዋና ጎብኝ መሆኗን አሳይቷል። ቡና በትውልድ ስፍራው ዋና አራካቢው በግማሽ ዱር የሆነ አንድ ዝርያ ከሆነ፣ የዚያ ዝርያ የዘረመል ሁኔታ የቡና ጉዳይ ነው።

በዚህ ዝርያ ላይ እስካሁን ብዙ ቀለም የፈሰሰው በስም ጥያቄ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የአካል ልኬት ጥናት በኢትዮጵያ አምስት ንዑስ ዝርያዎች እንዳሉ ደመደመ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የኢትዮጵያ ንቦች አንድ የተለየ ንዑስ ዝርያ ናቸው ብሎ «ሲሜንሲስ» የሚል ስም ሰጠ። ክርክሩ የራሱ ክብደት አለው፤ አንድ ንዑስ ዝርያ ይሁን አምስት ማወቅ ለጥበቃ ሕግና ለእርባታ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ለሰብሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከአንዱ ጫካ ወደ ሌላው ዘር ምን ያህል ይተላለፋል የሚለው ነው። ኅብረ ንብ በገበያ እየተገዛ ከአካባቢ ወደ አካባቢ በሚጫንበት አገር ይህ ጥያቄ ሊዘገይ አይገባውም። በኬንያ ተራራማ ጫካዎችና በዙሪያቸው ባለው ቆላ ሣር ምድር ንቦች ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የሙሉ ጂኖም ጥናት እዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። የደጋውና የቆላው ንቦች በአብዛኛው ጂኖማቸው የሚለያዩት በጥቂቱ ነው፤ ጎላ ያለው ልዩነት የተከማቸው በሁለት ክሮሞሶሞች ላይ በሚገኙ ሁለት ረጃጅም ክፍሎች ነው። በአሥር ወይም በአሥራ ሁለት ማይክሮሳተላይት ብቻ የሚሠራ ጥናት እነዚህን ክፍሎች በቀላሉ ይስታቸዋል፤ ስቶም «ልዩነት የለም፤ ንቡን ማዘዋወር አይጎዳም» የሚል ምክር ሊሰጥ ይችላል። የመለያ ምርጫ እንግዲህ የበጀት ሰንጠረዥ ዝርዝር ብቻ ተደርጎ ሊታለፍ አይችልም።

ሁለተኛዋ ጣዝማ ናት፤ ቅድሚያ ለአንዷ ብቻ የሚሰጥ ቢሆን ለጣዝማ በተገባ ነበር። ጣዝማ፣ በሳይንስ ስሟ ሜሊፖኑላ ቤካሪ፣ መናደፊያ የሌላት፣ መሬት ውስጥ ጎጆ የምትሠራ ትንሽ ንብ ናት። ማሯ ለሳልና ለቁስል ፈውስ ነው ተብሎ ስለሚታመን ከተራ ማር በብዙ እጥፍ ይሸጣል። ስለ እርሷ በአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ከተጻፉት ጽሑፎች ብዙዎቹ የሚፈትሹት ማሩ ባክቴሪያ መግደል አለመግደሉን ነው፤ ንቧ ራሷ ከማሩ ኋላ ተረስታለች። ከመረሳቷ ብዛት በአንዳንዶቹ ጽሑፎች «አፒስ ሜሊፖዴ» ተብላ ተጠርታለች። አፒስ የማር ንብ ወገን ነው፤ መናደፊያ የሌላቸው ንቦች በዚያ ወገን አይገቡም። ስሟን በትክክል ለመጻፍ ጊዜ ያላገኘ የምርምር ባህል የጎጆዎቿን ቁጥር ያውቃል ብሎ መጠበቅ አስቸጋሪ ነው።

የጣዝማ አኗኗር ከላይ የተነገረውን ስጋት በሙሉ በአንድ ቦታ ያከማቻል። መናደፊያ የሌላቸው ንቦች ንግሥት በአብዛኛው ከአንድ ድንጉላ ጋር ብቻ ትገናኛለች፤ ስለዚህ የጾታ ወሳኙ ጂን ሒሳብ ሳይለሳለስ ይደርስባታል። አዲስ ጎጆ የሚመሠረተውም ቀስ በቀስ ነው፤ ሠራተኞቹ ከእናት ጎጆ ሰምና ማር እያመላለሱ አዲሱን ያደራጃሉ፤ በመሆኑም ልጅ ጎጆ ከእናቱ የሚርቀው ሠራተኛዋ ተመላልሳ መብረር በምትችልበት ርቀት ብቻ ነው። እርሻና መንገድ ያቋረጡትን ጫካ የማር ንብ መንጋ በአንድ በረራ ሲሻገር፣ እነዚህ ንቦች ሊሻገሩት የሚችሉት መሐል ላይ ጎጆ የሚተከልበት ቦታ ካገኙ ነው። ከዚህም ሌላ እንቁላል መጣል የጀመረች ንግሥት ሆዷ ስለሚከብድ መብረር አትችልም። ማር ንብ ሲነኳት ጥላ ትሄዳለች፤ ጣዝማ የምትሸሽበት መንገድ የላትም። ቆፋሪው ማሩን ሲያወጣ ጎጆው ይፈርሳል፤ ንግሥቲቱም እዚያው ትቀራለች። ማሩ በተወደደ ቁጥር ቆፋሪው ይበዛል፤ «የጣዝማ ማር ፈዋሽ ነው» የሚል እያንዳንዱ አዲስ ጽሑፍ ለዋጋው የራሱን ድርሻ ሳያዋጣ አይቀርም።

በዚህ አስተያየት ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ፤ ሁለቱም ተገቢ ክብደት አላቸው። አንደኛው «የዝርያ መዝገብ ሳይሟላ የዘረመል ጥናት ቅንጦት ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ስሙ ያልታወቀ ንብ የዘረመል ልዩነት ሰንጠረዥ ለማንም አይጠቅምም። ሆኖም ሁለቱ ሥራዎች የሚጀምሩት ከአንድ ናሙና ነው። የንቧ አንድ እግር በአልኮል ተቀምጦ ለዲኤንኤ ሲውል፣ የቀረው አካል በመርፌ ተወግቶ ከነቦታው መረጃ በመዘክር ይቀመጣል። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ሎዚየርና ካሜሮን ከአሥርት ዓመታት በፊት የተሰበሰቡ የባምብል ንብ ናሙናዎችን ዘረመል ከዛሬዎቹ ጋር ሊያነጻጽሩ የቻሉት፣ የዚያን ጊዜ ሰብሳቢዎች ስለ ዲኤንኤ ሳያስቡ ንቦቹን በሥርዓት ስላስቀመጡ ነበር። ዛሬ በኢትዮጵያ ተቆጥሮ የሚጣል ንብ ነገ ይህን ዕድል የሚሰጥ አይሆንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከራሱ ከዘረመል ሙያ የሚመጣ ነው፤ የዘረመል ልዩነት ከሕዝቡ ቁጥር ኋላ ቀርቶ ይወርዳል፤ ጎጆዎች ካለቁ በኋላም ለትውልዶች ያህል ሰፊ መስሎ ሊታይ ይችላል። በተቃራኒውም ጠባብ ልዩነት የትናንት ጥፋት ሳይሆን የሺህ ዓመታት ታሪክ ውጤት ሊሆን ይችላል። ካሜሮንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2011 ካጠኗቸው ስምንት የአሜሪካ ባምብል ንቦች የአራቱ አንጻራዊ ብዛት እስከ 96 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል፤ የዘረመል ልዩነታቸውም ካልቀነሱት የጠበበ ነበር። መጥበቡ የመቀነሳቸው ምክንያት ነው ወይስ ውጤት የሚለውን ግን የአንድ ጊዜ ናሙና ሊፈታው አይችልም። ከዚህ የሚከተለው ዘረመልን መተው ሳይሆን ለእርሱ ትክክለኛውን ጥያቄ ማቅረብ ነው። «ልዩነቱ ስንት ነው?» ከሚለው ይልቅ «ስንት ጎጆ አለ? የጎጆዎቹ ዝምድና በጫካ ቁራጮች መካከል እንዴት ይቀየራል? ጥንድ ክሮሞሶም ያላቸው ወንዶች ይገኛሉ ወይ?» የሚሉት ለዛሬ ሁኔታ ፈጥነው መልስ ይሰጣሉ። የመጨረሻው በተለይ በማስተርስ ደረጃ በሚገባ ሊሠራ የሚችል ነው። ጤነኛ ድንጉላ ነጠላ ስብስብ ብቻ ስላለው በየትኛውም ማይክሮሳተላይት ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች ሊያሳይ አይችልም፤ ካሳየ ነገሩ ተገለጠ።

እዚህ ላይ በተማሪዎች ዘንድ የሚዘወተር አንድ መደናገር ማንሣት ይገባል። የሚቶኮንድሪያ ባርኮድ ዝርያን ለመለየት እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ከእናት ብቻ ስለሚወረስ የአንድ ጎጆ ሠራተኞች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ስለ አባት ምንም አይናገርም፤ የጎረቤት ጎጆዎችም የአንዲት አያት ልጆች ከሆኑ ከእነርሱ አይለዩም። በባርኮድ ብቻ «የሕዝብ ዘረመል» የሚል ርዕስ መስጠት ከይዘቱ የሰፋ ሽፋን መስጠት ነው።

የአሠራሩ ጣጣ ግን ከቤተ ሙከራ በፊት በመስክ ላይ ይጀምራል። የጣዝማን ጎጆ ከማንም በላይ የሚያውቀው ቆፋሪው ነው። የጎጆው በር በሣር መካከል ያለ ትንሽ ቀዳዳ ስለሆነ በሥልጠና ብቻ የሚገኝ አይደለም። ተመራማሪው ለተገኘው ጎጆ ሁሉ ገንዘብ ቢከፍል፣ ሊቆጥረው የመጣውን ጎጆ እንዲፈለግ ያበረታታል፤ ተፈልጎ የተገኘውም ጎጆ ተመራማሪው ከሄደ በኋላ ቦታው የታወቀ ማር ነው። ክፍያው ለቀን ሥራ እንጂ ለጎጆ ባይሆን፣ ከጎጆው በር ላይ ከአንድ ወይም ከሁለት ሠራተኛ በላይ ባይወሰድ፣ የጎጆው ትክክለኛ ቦታም በሚታተመው ጽሑፍ ውስጥ ባይወጣ ይሻላል። ጎጆ ባልተገኘበት ጫካ ደግሞ በአበባ ላይ ሠራተኞችን ይዞ በእኅትማማችነት መመደብ ይቻላል፤ ለዚህ ግን ናሙናው ከአንድ ቅርንጫፍ ሳይሆን በመቶዎች ሜትር ተራርቀው ከሚገኙ ቦታዎች መወሰድ አለበት።

ናሙናን ወደ ውጭ አገር ቤተ ሙከራ መላክም የራሱ ሕግ አለው። የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን አርክቦት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ያለ ፈቃድ ብልቃጥ በሻንጣ ይዞ መውጣት በቸልታ የሚታለፍ ነገር አይደለም። የጣዝማ ጉዳይ ደግሞ የዚህን አዋጅ ሁለቱንም ክንፎች ይነካል፤ ንቧ የጄኔቲክ ሀብት ናት፤ የጎጆዋ በር የት እንደሚገኝና ማሯ ለምን እንደሚውል ማወቅ ደግሞ የማኅበረሰብ ዕውቀት ነው። ፈቃዱ ጊዜ ስለሚወስድ የሁለት ዓመት መርሐ ግብር ያለው ተማሪ ማመልከቻውን ማስገባት ያለበት የጥናት ዕቅዱ እንደ ጸደቀ ሳይሆን ገና በሚጻፍበት ወቅት ነው። ዲኤንኤውን እዚሁ አውጥቶ በማይክሮሳተላይት መሥራት በአገሪቱ ካሉት የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎች አቅም በላይ አይደለም፤ የሙሉ ጂኖም ንባብ ለሚያስፈልገው የማር ንብ ጥያቄ ደግሞ ናሙናው በትክክል ከተሰበሰበና ከተቀመጠ ቆይቶም ሊነበብ ይችላል። ሊቆይ የማይችለው በየዓመቱ የሚቆፈረው ጎጆ ነው።